ግልባጭ ለሟች ቤተሰብ

ሮብ ገበያ ከተማ ላይ እስከ ዛሬ «አቶ ሜሞ» ብለው የሚጠሩኝ ሰዎች አሉ። ስድብ ነው። አንዳንድ ጀማሪ ሠራተኛ ማዕረግ መስሎት በአክብሮት ሲጠራኝ ደግሞ የባሰ ያንገበግበኛል። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ፣ እናንተም በየቢሯችሁ ተቀምጣችሁ ያኔ እኔ የሠራሁትን ስትሠሩ ስለማያችሁ ነው። አንድ ነገር ግን እደብቃችኋለሁ። ምን እንደሆነ ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያ ታገሡኝ።

ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ሲናን ወረዳ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበርኩ። የምን ባለሙያ ብትሉኝ ዛሬም መልስ የለኝም። ጠረጴዛ ነበረኝ፤ የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ በእኔ እጅ ነበር፤ ደብረ ማርቆስ ያሰፋሁት ግራጫ ሱፍ ነበረኝ። ጭቃ እንዳይነካው ሱሪዬን ሰብስቤ ስራመድ ወንዝ የምትሻገር ዶሮ እመስል ነበር። አባቴ ገበሬ ነው። እኔ ግን ገበሬ ሲያናግረኝ ሰዓቴን አያለሁ።

በዚያ ሰሞን ማርቆስ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ተላክሁ። ርዕሱ «ውጤታማ የጽሑፍ ግንኙነት» ይላል። አሠልጣኙ ክራባቱ እንዳይታጠፍበት አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚሄድ ሰው ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ሙሉ በአንዲት ቃል ፈጀው። ቃሏ «ሜሞራንደም» ነበረች። ላቲን ናት አለን። «ሜሞር» ማለት ልብ የሚል፣ የሚያስታውስ ማለት ነው፤ ከዚያ የወጣችው «ሜሞራንደም» ደግሞ «ሊታወስ የሚገባው» ማለት ናት። የጥንት ጸሐፊዎች ማስታወሻ ሲጽፉ ይህችን ቃል ከወረቀቱ ራስጌ ያስቀድሟት ነበር፤ እየቆየ የራስጌዋ ቃል የወረቀቱ የራሱ ስም ሆና ቀረች፤ ኋላ ደግሞ የቸኮለ ሁሉ ቆርጦ «ሜሞ» አላት። ይህን ከሻይ በፊት ነገረን፤ ከሻይ በኋላም ያንኑ ደገመው። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፉን ይለጥጠዋል። እኔ ግን ተማርኬ ቀረሁ። ከሮም ተነሥታ እስከ ሲናን የደረሰች ቃል፣ ለኔ ተብላ የመጣች ነው የመሰለኝ።

ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። ሠራተኛ ሲያረፍድ ሜሞ፣ ወንበር ሲሰበር ሜሞ። ለዘበኛችን ለአያ ጫኔ እንኳ «በሩ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈት» የሚል ሜሞ ጻፍኩላቸው። ቢሮው ከተሠራ ጀምሮ በሩን በሁለት ሰዓት ሲከፍቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ወረቀቱን ይዘው መጡና፣

«ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ።

«ምንም አላጠፉም፤ እንዲታወስ ነው።»

«እኔ መች ረሳሁ?»

እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያልሠለጠነ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያልሠለጠነው ማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ሳምንት ነበር የቀረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ተራራ በኩል አንድ ሰዓት ተኩል በእግር የሚያስኬድ መንደር አለ። ከዚያ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ እዚያ ይርጋ የሚባል ሰው መኳንንት የሚባል ጎረቤቱን በድንበር ጠብ ገደለው። ሁለቱ ብቻቸውን ነበሩ፤ ያየ ሰው የለም። ይርጋ ታሰረ፣ ቅጣቱን ጨርሶ ተፈታ፣ ወደ መንደሩ ተመለሰ። እዚህ አገር ደግሞ እስር የሚያስደስተው መንግሥትን ነው፤ ደም የሚደርቀው በእርቅ ነው። የሟቹ ታናሽ ወንድም አንተነህ ያኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ሃያ አራት ሞልቶታል፤ ጠመንጃም ገዝቷል። ሽማግሌዎቹ ያን ጠመንጃ ለማስቀመጥ ሦስት ወር ሙሉ ከቤት ቤት ተመላለሱ። እናትየው እማማ ስንዱ ቀድመው እሺ አሉ። አንተነህ በመጨረሻ፣ በእናቱ ልመና፣ እሺ አለ።

የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ «ሄደህ ታዘብ፤ ሪፖርት ይዘህ ና» አለኝ። ታዘብ ማለት ተቀመጥና ዝም በል ማለት እንደሆነ አባቴ ቢሆን ይገባው ነበር። እኔ የገባኝ፣ ሠልጥነሃልና ሂድና አሠልጥናቸው የሚል ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስድስት ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጽዱ ሥር ተቀመጡ። ዋናው መሪጌታ ፈንታ ናቸው። ዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ዐሥራ ሁለት ዓመት የተማሩ፣ ቅስናም ያላቸው፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሽማግሌ። ይርጋ አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። የሟች ቤተሰብ ገና አልተጠሩም። በእነሱ ሥርዓት ገዳይ አስቀድሞ ለሽማግሌዎች ብቻ ሁሉንም ይናገራል፤ ምንም ሳያስቀር። ሽማግሌዎቹ ሰምተው በልባቸው ይቀብሩታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ድንጋይ ተሸክሞ ለይቅርታ የሚወጣው።

እኔ ሱፌ ላይ ጋቢ ደርቤ ተቀመጥኩና ደብተሬን ከፈትኩ። መሪጌታ አዩኝ።

«እሱ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሜሞራንደም ነው መሪጌታ። የምትስማሙበት ሁሉ በጽሑፍ ይሰፍራል።»

«ምን አልከው?»

ይህን ጥያቄ ከማርቆስ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። ጉሮሮዬን ጠርጌ ያን የአሠልጣኙን ነገር በሙሉ ዘረገፍኩት፤ ላቲኑን፣ ራስጌውን፣ ሁሉንም። «ትርጉሙ ሊታወስ የሚገባው ማለት ነው» ብዬ ጨረስኩ። የሚደነቁ መስሎኝ ነበር።

መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ ቃል ነው። እኛም አለን። ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ነው፤ ተዝካር ከዚያ ይወጣል። ለመኳንንት ነፍስ ተዝካሩን አውጥተናል፤ ስሙን በጸሎት እናነሣለን። ለተፈጸመው በደል ግን ተዝካር አናወጣለትም። ዛሬ የተሰበሰብነው ሊረሳ የሚገባውን ልንቀብር ነው። ያንተ ሊታወስ የሚገባው እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዘመናዊ አሠራር ነው፤ ነገ ውዝግብ ቢነሣ ማስረጃ ይሆናል» አልኩ።

«ነገ እንዳይነሣ አይደለም እንዴ የመጣነው?» አሉ አንድ ሌላ ሽማግሌ፤ ሌሎቹ ፈገግ አሉ።

«ደብተሩን ወደ ኪስህ መልሰው» አሉኝ መሪጌታ። ቁጣ የለበትም፤ ለልጅ እሳት ሲያነሣ እንደሚሉት ነው ያሉኝ።

ደብተሩን መለስኩ። በልቤ ግን ሳቅኩባቸው። ሰነድ የማያውቁ፣ ዓለም ጥሏቸው የሄደ ሽማግሌዎች ናቸው ብዬ አዘንኩላቸው። ደግሞስ ደብተሩን አሉኝ እንጂ ስልኩን መች አሉኝ? በጋቢዬ ሥር ስልኬን ከፍቼ አውራ ጣቴን አዘጋጀሁ። ያን ብልጠቴን ዛሬ ሳስበው ምራቄን መትፋት ያምረኛል።

ይርጋ ተናገረ። ጠቡ እንዴት እንደተነሣ ተናገረ፤ ማን ቀድሞ እንደሰደበ፣ በምን እንደመታው ተናገረ። እኔ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያልኩ እጽፋለሁ። ከዚያ አቆመ። መሪጌታ «ጨርሰው» አሉት። ጨረሰው። መኳንንት ወድቆ ሳለ፣ የመጨረሻው ምት ሳያርፍበት በፊት፣ አንድ ቃል ተናግሮ ነበር። ልመና ነበረች። እንዲህ ተብሎ ተለምኖ የገደለ ሰው እዚህ አገር ከሰው አይቆጠርም። ይርጋ ሰባት ዓመት፣ እስር ቤትም ሆኖ፣ ለማንም ያልተናገራትን ቃል እዚያ መሬት ላይ አወጣት።

ምን እንደነበረች አልጽፍላችሁም። እደብቃችኋለሁ ያልኩት ይህንኑ ነው።

አንዱ ሽማግሌ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ሌላው «አንተነህ ይህቺን ከሰማ እርቅ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለት ሬሳ ነው» አሉ። ሁሉም ያን ያውቃሉ። መሪጌታ መስቀላቸውን አውጥተው ተነሡ። «ይህን የሰማ ጆሮ መቃብር ይሁን። ከዛሬ ወዲያ ይህን ነገር ያነሣ፣ እሱን እግዚአብሔር ያንሣው» አሉ። ሽማግሌዎቹ «አሜን» አሉ። እኔም አሜን አልኩ። ጣቴ ቁጥር ሦስት ላይ ነበር።

ከዚያ የሆነውን ያየ ሰው አይረሳውም። ይርጋ ትልቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ በጉልበቱ እየዳኸ ወደ እማማ ስንዱ ሄደ። እማማ ስንዱ ቀጭን፣ አጭር፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴት ናቸው። ድንጋዩን እሳቸው ራሳቸው በሁለት እጃቸው አንሥተው ጣሉለት። አንተነህ ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ ከዚያ መጣና ይርጋን ትከሻውን ሳመው። ከአንድ ገበታ በሉ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ በር ዘግቼ ጻፍኩት። ራስጌው ላይ በደማቁ «የእርቅ ሜሞራንደም» አልኩ። ቁጥር ሰጠሁት፤ ቀን ሰጠሁት፤ «ጉዳዩ» አልኩ። አንድ፣ ሁለት ብዬ ሦስተኛው ጋ ስደርስ እጄ ትንሽ ቆም ማለቱን አልክድም። ግን ሁለት ነጥብ ያለው ሰነድ ጎዶሎ መሰለኝ። አዎ፣ በዚህ ምክንያት ነው። ገጹ ሞላ እንዲል ብዬ የሟቹን የመጨረሻ ቃል በትእምርተ ጥቅስ አስገባኋት።

ከዚያ ያቺ የኛ ነገር መጣች፤ ግልባጭ። እናንተ ታውቋታላችሁ። ሌላው አገር ደብዳቤ ለሚመለከተው ይጻፋል፤ እኛ ለማይመለከተው ሁሉ ግልባጭ ካላደረግን የጻፍን አይመስለንም። ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ ጫማ ያላደረገ ሙሽራ ይመስለናል። እናም ከታች በኩል ደረደርኩ፤ ግልባጭ ለቀበሌው፣ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት፣ ግልባጭ ለይርጋ ቤተሰብ፣ ግልባጭ ለሟች ቤተሰብ። የመጨረሻውን ስጽፍ ለፍትሕ የቆምኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። ሁለቱም ወገን እኩል እንዲያውቅ አደረግሁ አልኩ።

ኃላፊው ገጹን ገለጥ አድርጎ ርዝመቱን አየና «ጎበዝ» ብሎ ፈረመ። አላነበበውም። ማኅተሙን እኔ መታሁት። ማክሰኞ የቀበሌው ሊቀ መንበር ለስብሰባ መጥቶ ነበርና የሁለቱን ቤተሰብ ግልባጭ ጭምር ሊያደርስ ይዞ ሄደ።

ሮብ፣ የገበያ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ላይ መሪጌታ ፈንታ ቢሮዬ ገቡ። ቢሯችንን ረግጠው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ መቋሚያቸውን በር ላይ እንኳ አላስደገፉትም። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ይህ ያንተ ነው?»

«አዎ መሪጌታ፣ ደረሳችሁ?» አልኩ። ሊያመሰግኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር። ይህን የማልደብቃችሁ እንድትንቁኝ ብዬ ነው።

«አንተነህ ጠዋት አነበበው። ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ፤ ወረቀቱን እዚያው ጣለው፤ ወጣ። ይርጋ ድንች ጭኖ እዚህ ገበያ ነው። ሲመለስ የጋራውን መንገድ ነው የሚሄደው። አንተነህ እዚያ ነው የሚጠብቀው፤ ሌላ የት ይጠብቃል?»

«ለፖሊስ ሜሞ...» ብዬ ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ ያን ቃል ነው ያወጣሁት።

መሪጌታ አዩኝ። ከእሑድ ጀምሮ ያልተቆጡት ሰውዬ ያኔም አልተቆጡም። «ውጭ እናትየው ቆመዋል። ውጣና አናግራቸው» አሉኝ።

እማማ ስንዱ ከአያ ጫኔ ጋር በሩ ላይ ቆመዋል። ከመንደራቸው እስከዚህ በሩጫ ነው የመጡት፤ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም። ፊደል አልቆጠሩም። «አንብብልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ አሁን ጊዜ...»

«ልጄን ከቤት ያስወጣው ምን እንደሆነ ሳላውቅ ፊቱ አልቆምም። አንብብ።»

አነበብኩ። ቁጥር አንድ አነበብኩ። ቁጥር ሁለት አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። ያቺ ቢሮ ውስጥ በር ዘግቼ በትእምርተ ጥቅስ ያስቀመጥኳት ቃል፣ በእናትየው ፊት ከአፌ አልወጣም አለች። መሪጌታ መሬት መሬት ያያሉ።

«ሦስተኛውን ተወው፤ እኔ ልንገርህ» አሉ እማማ ስንዱ። ነገሩኝም። ቃል በቃል። ወረቀቱ ላይ እንዳለችው፣ አንዲት ሳትጎድል። እንዲያውም እኔ ያልጻፍኩትን ድምፁን ጨምረው ነገሩኝ።

መሪጌታ ቀና አሉ። «ስንዱ፣ ያውቁ ነበር?»

«ከወንዙ ማዶ ሣር እያጨድኩ ነበር መሪጌታ። ሰማሁት። ሮጬ እስክሻገር አለቀ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለዳኛም አልተናገርኩ፣ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩ። ይህ ትንሹ ልጅ ነበር። ብነግረው በዚያች ቃል ሊያድግ ነው። በዚያች ቃል ያደገ ልጅ ደግሞ አይኖርም።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ሰባት ዓመት የዋጥኩትን፣ አንተ ከሰው አፍ ሰምተህ በሦስት ቀን ቤቴ ድረስ ላክህልኝ።»

ስድብ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አልሰደቡኝም፤ «በሉ እንሂድ» ብለው ቀድመው ወጡ።

ገበያው ውስጥ ይርጋን ፈለግነው። የድንች ተራ ያሉ ሰዎች «አሁን አህያውን ነድቶ ሄደ» አሉን። አያ ጫኔን ለፖሊስ እንዲነግሩ ትተናቸው ወደ ጋራው ወጣን። ሁለቱ አዛውንቶች ፊት፣ እኔ ኋላ። በየመታጠፊያው ተኩስ የምሰማ ይመስለኛል። የታጨደ ገብስ የሚከምሩ ሰዎች ቀና ብለው ያዩናል። ግማሽ መንገድ ላይ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለስኩለትም። እግዚአብሔርን ለመንኩት፤ ለይርጋ ብዬ ወይም ለአንተነህ ብዬ አይደለም፤ በመጀመሪያ ለራሴ ብዬ ነው የለመንኩት። የዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ይርጋን ከጋራው ሥር ወንዟ ጋ ደረስንበት። አህያውን ውኃ ያጠጣል። ሦስታችንን ሲያይ ደነገጠ። እማማ ስንዱ ምንም ሳያስረዱት «ከኋላዬ ሁን፤ ከጀርባዬ እንዳትለይ» አሉት። ሰውዬው ገባው። አልተከራከረም። መንገዱን ጀመሩ፤ እሳቸው ፊት፣ የልጃቸው ገዳይ ከኋላቸው። ቁመቱ ከሳቸው በአንድ ራስ ይበልጣል፤ ቢተኮስበት የሚከልሉት እስከ ደረቱ ብቻ ነው።

አንተነህ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ተነሣ። ጠመንጃው በእጁ ነው።

«እናቴ፣ ዞር በይ።»

«አልዞርም።»

«አንቺ አታውቂም። ወንድሜ ምን ብሎ እንደሞተ አታውቂም።»

«አንተ በወረቀት ነው ያወቅኸው» አሉት። «እኔ በጆሮዬ ነው።»

ጠመንጃው አልወረደም።

«ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቻለሁ። ከማዶ ነበርኩ።»

«ሰምተሽ ነው ድንጋዩን ያነሣሽለት?»

«ሰምቼ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ።

«ብነግርህ ዛሬ ሃያ አራት ዓመት ይሞላህ ነበር? ሁለት ወልጄ የአንዱን የመጨረሻ ድምፅ ሰማሁ፤ እሱ ይበቃኛል። ያንተን መስማት አልፈልግም። አሁን ተኩሰህ እዚህ ብትጥለው፣ ነገ አንተን የሚጥልህ ሰው አለው። እኔ ከየትኛው ማዶ ሆኜ እንድሰማህ ነው የምትፈልገው?»

አህያው ብቻ ሣር ይግጣል። ከዚያ አንተነህ ቋጥኙ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። መሪጌታ ቀስ ብለው ወጥተው ጠመንጃውን ከጉልበቱ ላይ አነሡት፤ አልከለከላቸውም። እማማ ስንዱ አጠገቡ ሄደው ተቀመጡ። ይርጋ መሬት ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። እኔ በአንድ ጫማ ቆሜ አያለሁ። አንተነህ ቀና ሲል ያየው መጀመሪያ እኔን ነበር።

«ይህ ነው የጻፈው?» አለ።

«ይህ ነው» አሉት መሪጌታ።

አየኝና ዓይኑን መለሰ። እስከ ዛሬ እንደዚያ ዓይን አላየሁም።

ወደ ሮብ ገበያ ስንመለስ መሪጌታ መንገድ ላይ እንዲህ አሉኝ፤ «ያነሣ እግዚአብሔር ያንሣው ብለን አሜን ብለሃል። ልትነሣ ነው ወይስ ልትታረቅ?»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ያው ግቢ፣ ያው ጽድ ሥር፣ እኔ ባለ ዲግሪው ድንጋይ ተሸክሜ በጉልበቴ ዳኽሁ። ግራጫው ሱፍ ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። ከጽዱ እስከ እማማ ስንዱ አሥር እርምጃ ያህል ነው፤ ከማርቆሱ ሥልጠና ይልቅ እዚያ አሥር እርምጃ ላይ ተምሬያለሁ። ድንጋዩን እንደ ይርጋው አንሥተው ጣሉልኝ። እንዲያውም «ይህ ቀላል ድንጋይ ነው፤ ማን መረጠልህ?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «አቶ ሜሞ» የሚለው ስም የወጣልኝ ያን ቀን ነው።

ቀጥሎ ግልባጮቹን ልሰበስብ ዞርኩ። የይርጋ ቤት ያለው ገና ሳይገለጥ እንደ ታጠፈ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ፋይል ውስጥ ገብቶ ማንም ሳይነካው ተቀምጧል። የቀበሌውን ያገኘሁት የሻይ ብርጭቆ ሥር ነው፤ ክብ የብርጭቆ ምልክት ቁጥር ሦስት ላይ ታትሟል። ፈራሚው አላነበበም፣ ቀበሌው አላነበበም፣ መዝገብ ቤቱ አላነበበም። ያን ሁሉ ማኅተምና ፊርማ ተሸክሞ የሄደ ወረቀት ከልቡ ያነበበው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ማንበብ ያልነበረበት። የቢሮ ጽሑፍ ዕጣው ይሄ ነው። መዝገቡን ብትገልጡ የዚያ ወረቀት ቁጥር ዛሬም ባዶ ነው።

አሁንም እዚያው ቢሮ ነኝ። ወጣቶቹ ከሥልጠና ሲመጡ አያቸዋለሁ። የቃል ምንጭ ይነግሩኛል፤ ላቲን ነው፣ ግሪክ ነው ይሉኛል። ደግ ነው። አሠልጣኙ ስለ ቃሏ የነገረን ሁሉ እውነት ነበር፤ ሊታወስ የሚገባው ማለት ናት። የሚገባው የትኛው እንደሆነ ግን ከኔ ጀምሮ አንድም ሰው እጁን አውጥቶ አልጠየቀውም። እናንተም ስትጽፉ ትጠይቁ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። ስብሰባ ላይ ማን ምን እንደተናገረ ቃል በቃል ይዛችሁ ለሰውየው አለቃ ግልባጭ ስታደርጉ አያችኋለሁ። የባልና ሚስት ጠብ በነጥብ በነጥብ ተጽፎ ለሁለቱም ሲሰጥ አይቻለሁ። የሰው ቁስል ላይ ማኅተም ትመቱና «ሰነድ ነው» ትላላችሁ። እኔም ብዬ ነበር።

የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ። ይህን ልጽፍ ስነሣ አንተነህን አስፈቀድኩት፤ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። «ቃሏን ካላወጣሃት ጻፍ» አለኝ። ያቺን ቃል የምናውቅ አሥር ሰዎች ነበርን። መሪጌታ ፈንታ ዓምና ዐረፉ፤ ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ቀድመዋቸው ሄደዋል። ሰባት ቀርተናል። አንድ በአንድ ስናልቅ እሷም ታልቃለች፤ መሪጌታ ያኔ ሊያደርጉት የፈለጉት ይህንኑ ነበር።

እማማ ስንዱን ሮብ ሮብ ገበያ አገኛቸዋለሁ። አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ባለፈው ድንቻቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ሳለ፣

«ዛሬም ትጽፋለህ?» አሉኝ።

«እጽፋለሁ እማማ።»

«ምን ትጽፋለህ?»

«ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ችግኝ፣ ስለ ስብሰባ።»

አንድ ድንች አንሥተው አፈሩን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ።

«እሱን ጻፍ» አሉኝ። «እሱን ሰው ይረሳዋል።»